ጉልቻ ቢለወጥ ሳንባ ይድናል? የምድጃ ሙከራዎች ያስተማሩን

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሹም በሹም ሲተካና ምንም ነገር ሳይለወጥ ሲቀር ነው። ዛሬ ግን ቃል በቃል እንውሰደውና አንድ የሳይንስ ጥያቄ እናንሳበት። ሦስቱን ድንጋይ አንስተን በምትካቸው የተሻለ ምድጃ ብናስቀምጥ የወጡ ጣዕም ባይለወጥም፣ የምታበስለው እናትና ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ሳንባስ ይሻለዋል?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ጭስ መጥፎ ነው፤ ጭስ ከቀነሰ በሽታም ይቀንሳል፤ በቃ! ብዙ ተመራማሪዎችም የጀመሩት ከዚህ ሐሳብ ነው። ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ በጓቲማላ፣ በማላዊ፣ በሩዋንዳና በእኛም አገር የተካሄዱ ትልልቅ ሙከራዎች ግን ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል። ወደ ሙከራዎቹ ከመግባታችን በፊት ጭስ ምን እንደሆነና ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ጭስ ውስጥ ምን አለ?

ማገዶ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ኖሮ በዋናነት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን በሆነ ነበር። ለዚህ ግን በቂ ኦክስጅን፣ ከፍተኛ ሙቀትና ጊዜ ያስፈልጋል። ጉልቻ ላይ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም። እንጨቱ ሲረጥብ፣ ኩበቱ ሲጨስ ወይም ሰፊው ምጣድ እሳቱን ሲያፍነው፣ ሳይቃጠል የቀረው ነገር ጥቀርሻ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ሆኖ ይወጣል። የወጥ ቤት ጣሪያን የሚያጠቁረው ይኸው ነው።

ጣሪያው ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር ግን ከጭሱ ጥቂቱ ብቻ ነው። ለሳንባ ይበልጥ አስጊ የሆነው ጥቃቅኑ ብናኝ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ለሰዓታት ይቆያል። ሳይንቲስቶች ብናኝን የሚመድቡት በመጠኑ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠውን «ፒኤም 2.5» ይሉታል። ማይክሮ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ የራስ ፀጉር በግምት 70 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል፤ ስለዚህ ከእነዚህ ብናኞች ወደ ሠላሳ የሚጠጉትን ጎን ለጎን ብትደረድሩ ገና የፀጉር ውፍረት ይሆናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የምንተነፍሰው አየር የዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ፣ የአንድ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 መብለጥ የለበትም። በጉልቻ በሚበሰልበት የተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ግን የቀኑ አማካይ በመቶዎች ይቆጠራል፤ እሳቱ በሚያያዝበትና እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከሺህ የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

ወደ ሳንባ የሚደረግ ጉዞ

አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ከ10,000 ሊትር ያላነሰ አየር ይተነፍሳል። አየሩ በአፍንጫና በጉሮሮ አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ከዚያ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚጠቡ ቱቦዎች ይሄድና መጨረሻ ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ጋ ይደርሳል። የእነዚህ ከረጢቶች ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአንድ መኖሪያ ቤት ወለል ማለት ነው! ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በዚህ ስስ ግድግዳ በኩል ነው።

ሰውነታችን ይህን መንገድ ያለ ጥበቃ አልተወውም። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። ያለፈውን ደግሞ ቱቦዎቹን የሚያለብሰው ዝልግልግ ፈሳሽ ያጣብቀዋል፤ ከዚያም ፀጉር የሚመስሉ በጣም ጥቃቅን ክሮች እየተወዛወዙ ወደ ላይ ይገፉታል። አክታ የምንለው ይህን ነው። ጭስ ያለበት ቤት ከዋላችሁ በኋላ አክታችሁ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ጥበቃው ሥራውን እየሠራ ነው።

ፒኤም 2.5 ግን ይህን ሁሉ አልፎ የአየር ከረጢቶቹ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ብናኙን ይውጡታል። ችግሩ ጥቀርሻ በቀላሉ የሚፈጭ ነገር አለመሆኑ ነው። በየቀኑ ብዙ ጥቀርሻ የሚውጥ ሕዋስ ይዳከማል፤ ባክቴሪያ ሲመጣም በደንብ መዋጋት ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሰውነት ለብናኙ የሚሰጠው ምላሽ አካባቢውን ያስቆጣዋል፤ ያብጣል፣ ይቀላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ቱቦዎቹ ይጠባሉ፣ የከረጢቶቹ ግድግዳም ይፈርሳል።

በዚህ መንገድ የሚመጡ ሁለት በሽታዎችን ለይታችሁ ያዙ። አንዱ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚያጠቃው የሳንባ ምች ነው። ሌላው ሲኦፒዲ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ ቱቦዎቹ ጠብበው የሚቀሩበት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ነው። ብዙ ሰው ሲኦፒዲን የሲጋራ አጫሾች በሽታ አድርጎ ያስበዋል። ሲጋራ በከንፈራቸው ነክተው የማያውቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን እሳት ሲያነዱ የኖሩ እናቶችም ይያዙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

እንግዲህ ምድጃ እንቀይር!

በሕክምና ሳይንስ «ይህ ነገር ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ ጠንካራ መልስ የሚሰጠው መንገድ ዕጣ ነው። ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ትከፍላላችሁ፤ ግማሹ አዲሱን ምድጃ ያገኛል፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ከዚያ ሁለቱን ታወዳድራላችሁ። ዕጣ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። ቤተሰቦቹ ራሳቸው ቢመርጡ ኖሮ ምድጃውን ቀድሞ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ይሆን ነበር፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ የተሻለ ይመገባል፣ ቶሎም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ያኔ ልዩነቱ ከምድጃው ይሁን ከኪሱ አታውቁም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ «ሬስፓየር» ይባላል። ኪርክ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በጓቲማላ ደጋማ አካባቢ በ534 ቤቶች አካሄዱት። ግማሾቹ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቀንሷል። ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ቢታይም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ማስወገድ አልተቻለም። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳንሰው ከባድ የሳንባ ምች ግን በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ ተገኘ። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ቀጣዩ «ካፕስ» የተባለው ሙከራ ነው፤ በማላዊ ከ8,600 በላይ ቤተሰቦችንና ከ10,700 በላይ ሕፃናትን አካተተ። በዕጣ የወጣላቸው መንደሮች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማራገቢያ የተገጠመላቸውና እንጨቱን በደንብ የሚያቃጥሉ ምድጃዎች አገኙ። ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገ። የሳንባ ምቹስ? ምንም ልዩነት የለም። ምድጃ ያገኙትም ያላገኙትም ሕፃናት እኩል ታመሙ።

በእኛ አገርም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሜጫ አካባቢ ተመሳሳይ ሙከራ ተካሂዷል። የተሻሻለ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ለተመረጡ ቤተሰቦች ተሰጠ፤ ከ5,000 በላይ ሕፃናትም ክትትል ተደረገላቸው። በወጥ ቤቱ ያለው ብናኝ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በብዙ እጥፍ እንደበለጠ ቀረ። በሕፃናቱ የመተንፈሻ አካል ሕመም ላይም የጎላ ለውጥ አልታየም።

«እንግዲያው እንጨቱን ጨርሰን እንተወው፣ በጋዝ ይሁን» ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ «ሃፒን» የተሰኘውን ሙከራ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ጀመሩ። 3,200 ያህል ነፍሰ ጡር ሴቶች ተሳተፉ። ግማሾቹ የጋዝ ምድጃና ለ18 ወራት ነፃ ጋዝ ተሰጣቸው። በእንጨት ያበሰሉት እናቶች የሚተነፍሱት ብናኝ 71 ገደማ ሲሆን፣ ጋዝ ያገኙት 24 ገደማ ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው! ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 የወጡት ውጤቶች በሕፃናቱ የልደት ክብደትም ሆነ በከባድ የሳንባ ምች ላይ አስተማማኝ ልዩነት አላሳዩም።

ታዲያ ምን ሆነ?

«ጭስ አይጎዳም ማለት ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ብናኝ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራም በሰዎችም ላይ በብዙ መንገድ ታይቷል። ለውጤቱ ቢያንስ ሦስት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ።

አንደኛው የቁጥሩ ጠባይ ነው። ብናኝ በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ በእጥፍ አይጨምርም። የተለያዩ ጥናቶች ሲገጣጠሙ፣ አደጋው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወጣና ከፍተኛ መጠን ላይ ሲደርስ ጭማሪው እየቀነሰ እንደሚሄድ ያሳያሉ። ተራራ መውጣትን አስቡት፤ ከግርጌው ያለው ቁልቁለት ነው፣ አናቱ ግን ሜዳ። ከ800 ወደ 400 ብትወርዱ ገና ሜዳው ላይ ናችሁ፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ወደ ግርጌው ስትጠጉ ነው።

ሁለተኛው፣ ጭስ ከአንድ ምድጃ ብቻ አይመጣም። አዲሱ ምድጃ እንጀራ ይጋገርበታል እንበል። ወጡስ? ቡናውስ? የእንስሳት ውሃ ማሞቂያውስ? የጎረቤት ጭስ፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የመንገድ አቧራስ? ምድጃ ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኝ ከሌለ ጉልቻው ይመለሳል። በብዙ አገሮች ሰዎች አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን እንደሚጠቀሙ ታይቷል።

ሦስተኛው፣ የሳንባ ምች ምክንያቱ ብዙ ነው። የምግብ እጥረት፣ ክትባት አለማግኘት፣ መጨናነቅ፣ በእናት ማህፀን ያለፈው ጊዜ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መቀየር ሁልጊዜ ሚዛኑን አይደፋም።

ማን ነው የሚጠይቀው?

እስካሁን ያነበባችሁትን መለስ ብላችሁ እዩት። በሙከራዎቹ «ሠርቷል» ወይስ «አልሠራም» የተባለው በጥቂት መለኪያዎች ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሕፃናት የሳንባ ምች። መለኪያውን የመረጡት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ለመምረጣቸውም በቂ ምክንያት ነበራቸው፣ ምክንያቱም በሽታው ብዙ ሕፃናትን ይገድላል። እሳቱ አጠገብ የምትቀመጠዋ ሴት ብትጠየቅስ ምን ትል ነበር?

መልሱ በራሳቸው በሙከራዎቹ ውስጥ፣ ጎላ ሳይል ይገኛል። በጓቲማላ የጭስ ማውጫ ያገኙ ሴቶች ዓይናቸውን የሚያቃጥላቸውና ራሳቸውን የሚያማቸው ቀነሰ። በማላዊ የሳንባ ምች ባይቀንስም፣ በሕፃናት ላይ የሚደርስ የእሳት ቃጠሎ በ42 በመቶ አነሰ። እስቲ አስቡት፤ ልጇ እሳት ላይ እንዳይወድቅ ቀኑን ሙሉ ለምትሰጋ እናት ይህ «አልሠራም» ነው?

ከዚህ የተነሳ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ሌላ አሠራር እየዞሩ ነው፤ ማኅበረሰቡ የሚመራው ግምገማ። አራት ጥያቄዎችን በመጠየቅ ልትለዩት ትችላላችሁ። ምን እንደሚለካ የሚወስነው ማን ነው? የሚለካውስ? ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉመው ማን ነው? በመጨረሻ ቀጥሎ ምን ይደረግ ብሎ የሚወስነውስ? በተለመደው ጥናት አራቱም መልሶች «ተመራማሪው» ናቸው። ማኅበረሰቡ በሚመራው ግምገማ ግን ነዋሪው በአራቱም ላይ ድምፅ አለው።

በማላዊ በካፕስ ሙከራ ጊዜ ይህን የሚመስል ነገር ተሞክሯል። ነዋሪዎች ካሜራ ተሰጣቸውና ስለ አዲሱ ምድጃ ሊያሳዩ የሚፈልጉትን ራሳቸው ፎቶ አነሱ፤ ከዚያም ፎቶዎቹን ይዘው ተወያዩ። ውይይቱ ከበሽታ አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ኑሮ ሄደ። ምግብ ቶሎ ሲደርስ ምን ይለወጣል? ምድጃው ለመያዝ ቀላል ሲሆን ወንዶችም ያበስላሉ ወይ? እነዚህን የአየር መለኪያ መሣሪያ አይነግራችሁም።

ሌላው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በናይሮቢ ሙኩሩ የተባለ፣ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር አለ፤ ዙሪያውን ፋብሪካዎችና መንገዶች ከበውታል፣ ቆሻሻም በየቦታው ይቃጠላል። እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ተንቀሳቃሽ የብናኝ መለኪያ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። መሣሪያው ቀላል ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው፤ አየሩን በብርሃን ጨረር ፊት ያሳልፈዋል፣ ብናኝ ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ይበተናል፣ መሣሪያውም ይቆጥራል። በመስኮት በሚገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ አቧራ ሲያብለጨልጭ አይታችኋል አይደል? ነገሩ ያው ነው። በዚሁ ሰፈር ነዋሪዎች፣ አርቲስቶችና ተመራማሪዎች አብረው ስለ አየሩ በቲያትር፣ በሙዚቃ፣ በግድግዳ ሥዕልና በካርታ ሠርተዋል። የት እንደሚጨስና በስንት ሰዓት እንደሚብስ የሚያውቁት እዚያ የሚኖሩት ናቸው።

መሣሪያም ያስፈልጋል

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። «ሕዝቡን ጠይቅ፣ በቃ» ማለትም አያዋጣም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ማንም «ተሰማኝ» ሊል አይችልም። ጭሱ ዓይን ማቃጠሉን ሲያቆም ቤቱ የጸዳ ይመስላል፤ ፒኤም 2.5 ግን አሁንም ከገደቡ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሲኦፒዲም ቀስ ብሎ ለዓመታት የሚመጣ ስለሆነ ብዙዎች ትንፋሽ ማጠሩን «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። በጓቲማላው ሙከራ ሴቶቹ የትንፋሽ ማፏጨት እንደቀነሰላቸው ተናገሩ፤ ሳንባቸው አየር የማስወጣት አቅሙ ሲለካ ግን በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ልዩነት አልታየበትም። ሁለቱም መረጃ እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መሣሪያውም የራሱ ድክመት አለው። ርካሾቹ መለኪያዎች ጉም ወይም እርጥበት ሲኖር የውሃ ጠብታን እንደ ብናኝ ይቆጥራሉ። ስለዚህ በየጊዜው ከትልቁና ከውዱ መሣሪያ ጋር መመሳከር አለባቸው። ይህን ማመሳከር የሚያውቀው ባለሙያው ነው። ጭሱ ጠዋት ለምን እንደሚብስ የምታውቀው ደግሞ ጠዋት ተነስታ እሳት የምታያይዘው ናት። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጥሩ ሳይንስ የሚሠራው።

እናንተስ ምን ልትሞክሩ ትችላላችሁ?

ሁለት ነጭ ወረቀቶች ውሰዱና በስሱ ቫዝሊን ቀቧቸው። አንዱን ወጥ ቤት ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ሰዎች በሚተኙበት ክፍል አስቀምጡ። ከአንድ ቀን በኋላ በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አወዳድሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ትልቁ ብናኝ ነው። ፒኤም 2.5 አብዛኛው ተንሳፍፎ ስለሚቀር አታዩትም። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቢቀር «አየሩ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ከመሣሪያው የሚበልጠውን ሥራ ሥሩ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የምታበስለውን ሰው፣ እናታችሁን፣ አክስታችሁን ወይም አያታችሁን፣ ጠይቁ። ጭሱ የሚብሰው መቼ ነው? የትኛው ማገዶ ይብሳል? ምርጥ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ አሮጌው እሳት አሁንም የሚነደው ለምን ሥራ ነው? አንድ ነገር መቀየር ቢቻል መጀመሪያ ምን ይቀየር? የወጥ ቤቱ መስኮት? ማገዶው? የምድጃው ቦታ? መልሱን ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ግምት ጻፉና በኋላ አመሳክሩት። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ የሚያስተምረውም አለመግጠሙ ነው።

ወደ ተረቱ እንመለስ። ጉልቻ መለወጥ ብቻውን ሳንባን እንደማያድን ሙከራዎቹ ነግረውናል። ምድጃው፣ ማገዶው፣ ቤቱ፣ የጎረቤቱ ጭስ፣ የልጁ ምግብና ክትባት አብረው መታየት አለባቸው። የቀጣዩ ጥናት ጥያቄ ሲረቀቅ ደግሞ በየቀኑ ጭሱን የምትተነፍሰው ሴት ከመልስ ሰጪነት አልፋ ከጠያቂዎቹ አንዷ መሆን ይኖርባታል።